ሐኪሙ ለውሻዬ አንቲባዮቲክ አልሰጥም አለኝ፤ ልክ ነው?

ቡቺ_አባት (አዲስ አበባ)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:40

ሰላም ለቤቱ። ምክር ፈልጌ ነው።

ቅዳሜ ቤት እንግዳ ነበረን። ልጆቹ የተረፈውን ቅባትና አጥንት ሁሉ ለቡቺ አራገፉለት። ከእሁድ ጠዋት ጀምሮ ያስቀምጠዋል። ቀጭን ውሃ ነው። መጨረሻው ላይ ንፍጥ የመሰለ ነገርና ትንሽ ደም አየሁበት። ደንግጬ ዛሬ ሐኪም ጋ ይዤው ሄድኩ። ሐኪሙ ሙቀቱን ለካ፣ ሆዱን ዳሰሰ፣ ድዱን ጫን አድርጎ አየ፣ የማጅራቱን ቆዳ ሳብ አድርጎ ለቀቀ። ክትባቱን ጠየቀኝ፤ ሙሉ ነው። ከዚያ «ውሃ እንዳይቋረጥበት፣ ሩዝና የተቀቀለ ዶሮ ያለ ቅመም ትንሽ ትንሽ እየከፈልክ ስጠው» ብሎ አሰናበተኝ። «ፍላጂልስ?» ብለው «አያስፈልገውም» አለ። መርፌም የለ፣ ክኒንም የለ።

የድሮው ውሻዬ ሆዱ በተበላሸ ቁጥር ፍላጂል ይሰጠውና ይሻለው ነበር። ጎረቤቴ «ፋርማሲ ሄደህ አትገዛም እንዴ? ምን ያጨቃጭቅሃል?» እያለኝ ነው። ከፍዬ ባዶ እጄን መመለሴ አናዶኛል። ሐኪሙ ልክ ነው ወይስ ሰነፍ ነው?

ቀበሌ_ዜሮ_ሦስት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 2:55

የኔው ደግሞ ገና ከበሩ ስንገባ ነው መርፌውን የሚመዘው። ብንቀያየር ምን ይመስልሃል?

ሸዋ_በር
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:05

ወንድሜ ጊዜ አታባክን። ፍላጂል ነው መድኃኒቱ። እንደ ውሻህ ክብደት [መጠኑ በአወያይ ተሰርዟል]። እኔ አስር ዓመት ውሻ አሳድጌያለሁ፣ አንድም አልሞተብኝም።

አወያይ፦ በዚህ ክፍል የመድኃኒት መጠን መጻፍ አይፈቀድም። ደንቡን አንብቡ።

ዶክተር_ሆራ (ቢሾፍቱ፣ የእንስሳት ሐኪም)
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:30

ሐኪምህ ሰነፍ አይደለም። ያደረገውን አንድ በአንድ ልንገርህ። ቆዳውን የሳበው የሰውነቱ ውሃ ማለቁን ለማወቅ ነው። ቶሎ ወደ ቦታው ከተመለሰ ደህና ነው። ድዱን የተጫነው የደም ዝውውሩን ለማየት ነው። የጤነኛ ውሻ ሙቀት ከ38.3 እስከ 39.2 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ ለእኛ ትኩሳት የሚባለው ለእሱ ኖርማል ነው። ይህ ሁሉ ደህና ሆኖ ውሻው ጅራቱን እየቆላ ከገባ፣ ያለበት ቅባት የበላ አንጀት ነው። የታችኛው አንጀት ሲቆጣ ንፍጥና የደም ጭረት ያወጣል። ያ ደም ብቻውን ባክቴሪያ አለ አያሰኝም።

«ፍላጂል ይሰጠውና ይሻለው ነበር» ላልከው፣ ባይሰጠውም ይሻለው ነበር። እንዲህ ያለው ተቅማጥ አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ በራሱ ይቆማል። ክኒኑ በሁለተኛው ቀን ይጀመራል፣ ተቅማጡ በአራተኛው ቀን ይቆማል፣ ምስጋናውን ክኒኑ ይወስዳል። እ.ኤ.አ. በ2024 የአውሮፓ ባለሙያዎች ጥናቶቹን ሰብስበው ባወጡት መመሪያ፣ ቀላልና መካከለኛ ለሆነ ድንገተኛ የውሻ ተቅማጥ አንቲባዮቲክ እንዳይሰጥ መክረዋል።

ጉዳትም አለው። ፍላጂል የአንጀትን ጥሩ ባክቴሪያም ያጠፋል። በጤነኛ ውሾች ላይ ተሞክሮ፣ መድኃኒቱ ከቆመ ከአራት ሳምንት በኋላም አንጀታቸው ሙሉ በሙሉ ወደ ነበረበት ያልተመለሰላቸው ነበሩ። መጠኑ ሲበዛ ወይም ጊዜው ሲረዝም ደግሞ ነርቭ ይነካል። ውሻው ይንገዳገዳል፣ ዓይኑ ይርገበገባል።

ነገ ካስታወከ፣ ምግብ ከጠላ፣ ከፈዘዘ ወይም ካተኮሰው ግን ተመለስ። ክትባቱን ያልጨረሰ ቡችላ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። ፓርቮ የሚባለው ገዳይ በሽታ ሊሆን ይችላል። እሱ ቫይረስ ነው፤ አንቲባዮቲክ ቫይረሱን አይነካውም። ሆኖም ፓርቮ የአንጀቱን ግድግዳ ይበጣጥሰዋል፣ ነጭ የደም ሴሎቹንም ይጨርሳል። የአንጀት ባክቴሪያ ወደ ደም የሚገባበት በር ይከፈታል። ለዚያ ቡችላ መርፌውን ሳላቅማማ ነው የምሰጠው።

ቡቺ_አባት
ሰኞ፣ ከምሽቱ 3:48

እግዜር ይስጥልኝ ዶክተር። ቆዳውን ሳብኩት፣ ቶሎ ተመለሰ። ዶሮውን መርጦ በልቶ ሩዙን ትቶልኛል።

ሜዳ_ላይ (አርሲ)
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 1:20

ይቅርታ አድርጉልኝና ይሄ የከተማ ወሬ ነው። እኔ ባለሁበት ገበሬው ኦክሲቴትራሳይክሊን ከገበያ ገዝቶ ላሙን ራሱ ይወጋል። ወተቱን በማግስቱ ይሸጣል። አንዲት ላም የምትወጋውን ስንት ውሻ ይጨርሰዋል? እናንተ ለአንድ ቡቺ ግማሽ ፍሬ ክኒን ሸንጎ ተቀምጣችኋል።

ዶክተር_ሆራ
ማክሰኞ፣ ከጠዋቱ 2:10

በላሟ እስማማለሁ። የወተቱ ነገር ራሱን የቻለ ርዕስ ስለሆነ ክፈትልንና እዚያ እንነጋገር።

ግን ላሟ አልጋ ላይ አትተኛም። ውሻና ድመት ከልጆቻችን ጋር ይተኛሉ፣ ፊታችንን ይልሳሉ። የምንሰጣቸው መድኃኒት ደግሞ የኛው ነው። አሞክሲሲሊን፣ ኦግመንቲን፣ ሴፋሌክሲን፣ ዶክሲሳይክሊን ሁሉም ሰው ፋርማሲ መደርደሪያ ላይ ያሉ ናቸው። የውሻ ቆዳ ላይ የሚኖር ስታፊሎኮከስ የሚባል ባክቴሪያ አለ፤ ከዚህ ዝርያ አብዛኞቹን ክኒኖች የተላመደ ተፈጥሯል። ሰው ሆስፒታል ውስጥ የሚያስፈራው ኤምአርኤስኤ የሚባለው መድኃኒት የተላመደ ስታፊሎኮከስም ከሰው ወደ ውሻ፣ ከውሻ ወደ ሰው ይሄዳል። ብዙ ጊዜ ውሻው ነው ከባለቤቱ የሚያገኘው። እ.ኤ.አ. በ2019 ብቻ መድኃኒት በተላመዱ ባክቴሪያዎች ምክንያት በቀጥታ የሞተው ሰው በዓለም ዙሪያ ወደ 1.27 ሚሊዮን ይገመታል። ከዚህ ውስጥ የውሻና የድመት ድርሻ ትንሽ ነው። ይህን አልክድም። እኔ በየቀኑ የምጽፈው ማዘዣ ግን የውሻና የድመት ስለሆነ በእሱ ነው የምጠየቀው።

ሸገር_ድመቶች
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 6:30

ዶክተር፣ እኔ ከመንገድ የሰበሰብኳቸው ድመቶች አሉ። ሁለቱ ያነጥሳሉ፣ ዓይናቸው ያለቅሳል። ይበላሉ፣ ይጫወታሉ። ባለፈው እንዲህ ሲሆኑ አሞክሲሲሊን ታዞላቸው ነበር። ልድገመው?

ዶክተር_ሆራ
ማክሰኞ፣ ከቀኑ 7:15

አይደገምም። የድመት ጉንፋን አብዛኛውን ጊዜ ከሁለት ቫይረሶች ነው፤ ሄርፐስና ካሊሲ ይባላሉ። የሚበላና የሚጫወት ድመት እስከ 10 ቀን ድረስ ያለ አንቲባዮቲክ ይጠበቃል። ዓለም አቀፉ መመሪያም ይህንኑ ነው የሚለው። አፍንጫቸውን ለብ ባለ ውሃ ጥረጊላቸው። ምግቡን ሞቅ አድርጊው፤ አፍንጫው የተዘጋ ድመት ካልሸተተው አይበላም። ሄርፐስ አንዴ ከገባ ሰውነት ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ጭንቀት ሲያገኛቸው ይመለሳል፤ አዲስ ድመት ባስገባሽ ቁጥር ማስነጠስ የሚጀምሩት ለዚህ ነው።

ምግብ ከተዉ፣ ካተኮሳቸው ወይም ወፍራም መግል የመሰለ ከአፍንጫቸው ከወጣና ከፈዘዙ ይታዩ። ያኔ ብዙ ጊዜ የምንመርጠው ዶክሲሳይክሊን ነው። አንድ ነገር ግን ያዢ። የዶክሲሳይክሊን ክኒን ድመት ጉሮሮ ላይ ተጣብቆ አቁስሎ ሊያጠበው ይችላል። ሁልጊዜ ከኋላው ውሃ በመርፌ ቱቦ ወይም ትንሽ ምግብ መከተል አለበት። ደረቅ ክኒን አጉርሶ መተው አይሆንም።

ስልቨር_ስፕሪንግ_ሀበሻ (ሜሪላንድ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 1:40

እዚህ አሜሪካ ከሰኔ 2023 ጀምሮ ከእርሻ ዕቃ መደብር ያለ ማዘዣ ይሸጥ የነበረው፣ ለሰው ሕክምናም የሚያስፈልገው የእንስሳት አንቲባዮቲክ ሁሉ ማዘዣ ይፈልጋል። የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪው ኤፍዲኤ ነው ያዘዘው። ሰው ግን ብልጥ ነው። ለዓሳ ገንዳ ተብሎ የሚሸጥ አሞክሲሲሊን ኦንላይን ይገዛና ለውሻው ይሰጣል። ለራሱም የሚውጥ አለ!

የኔ ድመት ክኒን ስታይ ነብር ትሆናለች። እጄን አታዩትም። ስለዚህ ለሁለት ሳምንት የሚሠራ አንድ መርፌ ይወጓታል። ተመስገን ነው። ይሄ ችግር አለው?

ዶክተር_ሆራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:20

ያ መርፌ ሴፎቬሲን ነው። ክኒን የማይሰጣት ድመት በእውነት ስትታመም ጥሩ አማራጭ ነው። ችግሩ ለምቾት ብቻ ሲሰጥ ነው። ሦስተኛው ትውልድ ሴፋሎስፖሪን ነው፤ ሐኪሞች ለሰው ሲያስፈልግ ብለው የሚቆጥቡት ቤተሰብ ነው። አንዴ ከተወጋች ደግሞ መልሶ ማውጣት የለም፤ ባይስማማትም ሰውነቷ ውስጥ ለሳምንታት ይቆያል። በሚቀጥለው «ምን አግኝታችሁባት ነው?» ብለሽ ጠይቂ። መልስ ካላቸው ትወጋ።

ጎተቦርግ_ብርዱ (ስዊድን)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:00

ከዚህም ልጨምር። እዚህ ስዊድን የእንስሳት ሐኪም መድኃኒት ሸጦ ማትረፍ አይፈቀድለትም። ማዘዣ ይጽፋል፣ አንተ ፋርማሲ ሄደህ ትገዛለህ። ስለዚህ «አያስፈልገውም» ሲልህ ኪሱ አይጎድልም፣ «ያስፈልገዋል» ሲልህም አይሞላም። እዚያ አገር ቤት ግን ያው ክሊኒኩ ነው መርምሮ የሚሸጠው። መርፌው ነው ገቢው። የቡቺ ሐኪም ሊሸጥ እየቻለ አለመሸጡን ብታደንቁለት ደስ ይለኛል።

ሕጉም ጠበቅ ያለ ነው። ከጥር 2022 ጀምሮ በመላው የአውሮፓ ኅብረት የእንስሳት አንቲባዮቲክ ማዘዣ የሚሠራው ለ5 ቀን ብቻ ነው። ኪስህ ውስጥ አቆይተህ በሚቀጥለው ወር አትገዛበትም። እንደ ኢንሮፍሎክሳሲን ያሉት ከበድ ያሉት ደግሞ እዚህ ያለ ላብራቶሪ ውጤት በቀላሉ አይታዘዙም።

ሸዋ_በር
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:10

እዚያ ላብራቶሪ አለ፣ ኢንሹራንስ አለ። እዚህ ምን አለ?

ፋርማሲ_ልጅ (ሐዋሳ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 3:35

ከመስኮቱ ወዲህ ያለሁት እኔ ነኝ፤ ልናገር። አንቲባዮቲክ በእኛም አገር በማዘዣ ብቻ ነው መሸጥ ያለበት። ሰው ግን «ለውሻ ነው» ሲለኝ ማዘዣው የሚቀር ይመስለዋል። ክብደቱን ስጠይቅ «መካከለኛ ነው» ይለኛል። ምን እንደያዘው ስጠይቅ «አመመው»። አንዳንዱ ደግሞ ውሻም የለውም።

ሌላው የሽሮፕ ነገር ነው። አንዳንድ የሰው ሽሮፖች የሚጣፍጡት በዛይሊቶል ነው። ለሰው ምንም አይልም፤ የውሻን የደም ስኳር ግን በፍጥነት ያወርደዋል፣ ጉበቱንም ይጎዳል። ስለ ሕመም ማስታገሻ ካነሳን ደግሞ ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው። አንድ ፍሬ ይገድላታል። ቢያንስ ይህን አትርሱ።

ድንቡሼ_ቤት (አዲስ አበባ)
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:15

እናንተ ስትከራከሩ የኔን ልጠይቅ። ወንድ ድመት ነው፣ የተኮላሸ። ከጠዋት ጀምሮ አሸዋው ላይ ይመላለሳል። ቁጢጥ ብሎ ያምጣል፣ ጠብ የሚል ነገር የለም። ይጮሃል፣ ታችኛውን ይልሳል። ማታ ራቱን አልነካም። የሽንት ኢንፌክሽን መሆኑ ግልጽ ነው። ቤት ውስጥ የልጄ የተረፈ አሞክሲሲሊን ሽሮፕ አለ። ስንት ልስጠው? ሥራ ስላለብኝ ቅዳሜ ሐኪም ጋ አደርሰዋለሁ።

ዶክተር_ሆራ
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:19

እህቴ፣ ሽሮፑን አስቀምጪው። ቅዳሜ ድረስ አይቆይም። ዛሬ ማታ ይሂድ።

ይህ መዘጋት ሊሆን ይችላል። የወንድ ድመት የሽንት ቧንቧ ጫፉ ላይ በጣም ቀጭን ነው፤ በአሸዋ መሰል ነገርና በንፍጥ ይደፈናል። ሽንቱ ወደ ኋላ ይመለሳል፣ ኩላሊቱ ይቆማል፣ ፖታሲየም በደሙ ውስጥ ይከማቻል፣ ፖታሲየሙ ልብ ያቆማል። በአንድና በሁለት ቀን ውስጥ የሚገድል ነገር ነው። ከጠዋት ጀምሮ ብለሻል። ከኋላ እግሮቹ ፊት ሆዱን በጣም ቀስ ብለሽ ንኪው። ብርቱካን የሚያህል ጠንካራ ነገር ካገኘሽ ፊኛው ነው። እንዳትጫኚው። ማስታገሻም፣ ውሃም በግድ አትስጪው። ሣጥን ውስጥ አስገቢውና ውጪ።

ድንቡሼ_ቤት
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:24

አለ። ጠንካራ ነገር አለ። ማታ የሚሠራ የት ነው ያለው?

ሸገር_ድመቶች
ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 4:26

የሦስት ቦታ ስልክ በግል መልእክት ልኬልሻለሁ። ከመሄድሽ በፊት ደውይ፤ «ወንድ ድመት፣ ሽንት ተዘግቶበታል» በይ። ይገባቸዋል። ባለቤቴ መኪና ይዞ ሊመጣ ይችላል፣ አድራሻሽን እዚያው ጻፊልኝ።

ድንቡሼ_ቤት
ረቡዕ፣ ከቀኑ 5:50

እግዚአብሔር ውለታችሁን ይክፈል። ተርፏል። ሌሊቱን አደንዝዘው ቀጭን ቱቦ አስገቡለት። ሽንቱ ቀይ ነበር። ግሉኮስና መድኃኒት በደም ሥሩ እየሄደለት ነው፣ ሁለት ሦስት ቀን ያቆዩታል። ሐኪሟ ሽንቱን ማይክሮስኮፕ ላይ አሳየችኝ። መስታወት የሚመስሉ ባለ ማዕዘን ነገሮች ሞልተውታል። ባክቴሪያ የለም አለችኝ። አንድም።

ሸገር_ድመቶች፣ ለባለቤትሽ ቡና ዕዳ አለብኝ።

ዶክተር_ሆራ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 1:30

እሰይ! እንኳን ደስ ያለሽ።

ለሌሎቻችሁ ይህን ላስረዳ፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ነው የሚሳሳተው። ሰው ሽንቱ ሲያቃጥለው ኢንፌክሽን ስለሆነ ድመትም እንደዚያ ይመስለናል። ወጣትና መካከለኛ ዕድሜ ያለው ድመት ሽንቱ ሲያስቸግረው ባክቴሪያ የሚገኘው በጥቂቱ ብቻ ነው። አብዛኛው ጭንቀት፣ ውሃ ማነስና ደረቅ ምግብ ብቻ መብላት የሚያባብሰው የፊኛ መቆጣት ነው። አንቲባዮቲክ ቢሰጠው በሳምንቱ ይሻለዋል፤ ባይሰጠውም በሳምንቱ ይሻለዋል። የተዘጋው ግን አንቲባዮቲክ እየጠጣ ይሞታል።

ያረጀች ድመት፣ ኩላሊቷ የደከመ ወይም ስኳር ያለባት ስትሆን ባክቴሪያ ይበዛል። ሴት ውሻም እንዲሁ። እዚያ ሽንቱን በመርፌ ከፊኛው ቀድተን ካልቸር ብናደርግ (ባክቴሪያውን ላብራቶሪ ውስጥ አብቅለን ብናይ) ጥሩ ነው። ተራ የፊኛ ኢንፌክሽን ከሆነ ደግሞ ከ3 እስከ 5 ቀን ይበቃል ይላል የ2019ኙ ዓለም አቀፍ መመሪያ። እኔ ስማር ሁለት ሳምንት ነበር የምንሰጠው።

ካሌብ_ዘበኛ (አዲስ አበባ)
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:00

ጀርመን ሸፐርድ አለኝ፣ የግቢ ጠባቂ። ቆዳው ይሸታል፣ ያሳክከዋል፣ ሆዱ ላይ ብጉር ብጉር ይላል። የምንሄድበት ክሊኒክ መጀመሪያ አንድ አንቲባዮቲክ ሰጠው፣ ተሻለው። ተመለሰበት። ሌላ ሰጠው፣ ተሻለው። ተመለሰ። አሁን ከበድ ያለ ነው የሚባለውን ሰጥተውት እሱም አልሠራም። ከመርፌው ጋር ሁሌ ዴክሳ የሚባለው ስቴሮይድ አለ። ማሳከኩ በማግስቱ ጸጥ ይላል፣ ሳምንት ሳይሞላው ይጀምራል። አንድ ቀን እንኳ ቆዳውን በማይክሮስኮፕ ያየለት የለም። ምን ልበል?

ዶክተር_ሆራ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 2:45

ይህ ነው የሚያንገበግበኝ። በማግስቱ ጸጥ የሚያሰኘው አንቲባዮቲኩ አይደለም፤ ዴክሳው ነው። ስቴሮይድ ማሳከክን ያቆማል፤ ስለዚህ ሕክምናው የሠራ ይመስላል። ሥሩ ግን አልተነካም። ቁንጫ አለበት ወይ? አለርጂ ነው ወይ? በዓይን የማትታይ እከክ አምጪ ተባይ ቆዳው ውስጥ አለች ወይ? ባክቴሪያው ሥሩ ሳይነቀል በቀረ ቁጥር ይመለሳል፤ በተመለሰ ቁጥርም አንድ መድኃኒት ተላምዶ ይመጣል። አንተ እንዳልከው ሦስተኛው አልሠራም። ያ ጥርጣሬዬን ያጠናክረዋል።

ሸዋ_በር ትናንት «እዚህ ምን አለ?» ብሎ ነበር። ካልቸር በየክሊኒኩ አይገኝም፣ እውነት ነው። ግልጽ ፕላስተር ቴፕ ግን አለ። ብጉሩ ላይ ይለጠፋል፣ ይነሳል፣ ቀለም ጠብ ይደረግበታል፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ይታያል። ክብ ክብ ባክቴሪያ ነው ወይስ እርሾ፣ ወዲያው ይለያል። እርሾ ከሆነ አንቲባዮቲክ ምንም አያደርግለትም። ጠይቅ፦ «ቴፕ ታደርጉለታላችሁ?» አይ ካሉህ ሌላ ክሊኒክ ፈልግ።

ከላይ ከላይ ላለ የቆዳ ኢንፌክሽን ደግሞ አሁን በቅድሚያ የሚመከረው ማጠብ ነው። ክሎርሄክሲዲን ያለበት ሻምፑ፣ በሳምንት ሁለት ሦስት ጊዜ። አረፋው ቆዳው ላይ 10 ደቂቃ ካልቆየ ውሃና ሳሙና ማባከን ነው። ግቢ ውስጥ ለታሰረ ትልቅ ውሻ ይህ ቀላል ሥራ እንዳልሆነ አውቃለሁ። ክኒን ይቀላል። ግን መድኃኒት የተላመደ ባክቴሪያም ቢሆን በክሎርሄክሲዲን ይሞታል።

ሜዳ_ላይ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:00

እና መቼ ነው የምትሰጡት እናንተ? ሁሉን አይሰጥም፣ አይሰጥም።

ዶክተር_ሆራ
ረቡዕ፣ ከምሽቱ 3:25

ጥሩ ጥያቄ። ዛሬ ጠዋት ሰጥቻለሁ። መዥገር የወረረው የግቢ ውሻ ነበር፤ አፍንጫው ይደማል፣ ድዱ ነጥቷል፣ ያተኩሰዋል። መዥገር የሚያመጣው ኤርሊኪያ ነው ብዬ ዶክሲሳይክሊን ጀመርኩለት፤ አራት ሳምንት ይወስዳል። እዚያ ላይ መቆጠብ ውሻውን መግደል ነው። የሳንባ ምች፣ ጡንቻ ድረስ የገባ ንክሻ፣ መግል የያዘ ማኅፀንም አለ፤ የመጨረሻው ግን አብዛኛውን ጊዜ ያለ ቀዶ ጥገና በአንቲባዮቲክ ብቻ አይድንም።

ድመት ተናክሶ የሚያብጠው ደግሞ መሃል ላይ ነው። መግሉ ተከፍቶ ወጥቶ በደንብ ከታጠበ ብዙ ጊዜ ያ ይበቃል። ሳይከፈት አንቲባዮቲክ ብቻ መስጠት ግን ትርጉም የለውም፤ መግሉ ውስጥ ደም ስለማይደርስ መድኃኒቱም አይደርስም።

ነርስ_ማሚ (ቴል አቪቭ)
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:00

እኔ የሰው ነርስ ነኝ። ሁላችሁም ስለ መጀመር ነው የምታወሩት። ስለ መጨረስስ? «ሲሻለው አቋርጡ» የሚል እንዳይሰማ። ካልተጨረሰ ባክቴሪያው ይላመዳል። ሠላሳ ዓመት ይህን ነው ያስተማርነው።

ፋርማሲ_ልጅ
ሐሙስ፣ ከጠዋቱ 3:20

እትዬ፣ በእሱ እንኳ አሁን ክርክር አለ። መድኃኒቱ በቆየ ቁጥር ሌሎቹ፣ ጥፋት የሌለባቸው ባክቴሪያዎችም ይላመዳሉ። ብዙ በሽታ ላይ አጭሩ ከረጅሙ እኩል እንደሚሠራ ታይቷል።

ዶክተር_ሆራ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:10

ሁለታችሁም ልክ ናችሁ። ባለቤት በራሱ አያቁም። ሐኪሙም ሲጀምር አጭሩን ቀን ይጻፍ። «ለስንት ቀን ነው? መቼ አይታችሁት ትወስናላችሁ?» ብላችሁ ገና ከክሊኒኩ ሳትወጡ ጠይቁ። የሚያናድደኝ የተረፈው ነው። የተረፈው ክኒን መሳቢያ ይገባል፣ በሦስተኛው ወር ለሌላው ውሻ ይወጣል።

አንድ ልመና ደግሞ አለኝ። ወደ እኛ ስትመጡ የሰጣችሁትን አትደብቁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባል የለ? የእኛ ደንበኞች መድኃኒቱን ነው የሚደብቁት። «ምንም አልሰጠሁትም» ተብዬ ካልቸር እልካለሁ፣ ምንም አይበቅልም። ለካ ትናንት ማታ አሞክሲሲሊን ውጧል።

ነርስ_ማሚ
ሐሙስ፣ ከቀኑ 6:25

ይሄስ ሰውም ዘንድ አለ ልጄ። ተግባብተናል።

ቀበሌ_ዜሮ_ሦስት
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:15

ቀልዴን ትቼ አንድ ልጠይቅ። ድመቴ ነገ ማኅፀኗ ይወጣል። ያ መርፌ የሚመዘው ሐኪማችን የአምስት ቀን አንቲባዮቲክ መርፌ ከኦፕሬሽኑ ጋር በጥቅል ዋጋ ነው የሚያስከፍለው። እምቢ ልበል?

ዶክተር_ሆራ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:50

ከሚቆርጣት ሰው ጋር ከኦፕሬሽን በፊት አትጣላ። በትሕትና ጠይቀው። ጤነኛ ወጣት ድመት፣ ንጹሕ ክፍል፣ የተቀቀለ ዕቃ፣ አጭር ኦፕሬሽን ከሆነ ከዚያ በኋላ አንቲባዮቲክ አያስፈልግም። የሚከራከሩኝ ባልደረቦች አሉ። «ወደ አቧራማ ግቢ ነው የምትመለሰው» ይሉኛል። የእነሱም ሥጋት ገብቶኛል፣ ግን አቧራውን መርፌ አይጠርገውም። ቤት ውስጥ ይዘህ አቆያት። ቁስሉን እንዳትልሰው የአንገት ኮፍያ ጠይቅ። የአምስት ቀኑን መርፌ ብር ወደ ሕመም ማስታገሻ እንዲያዞርልህ ንገረው፤ እሱን ብዙዎች ይረሱታል።

ፋርማሲ_ልጅ
ሐሙስ፣ ከምሽቱ 1:58

ማስታገሻውን ከሐኪሙ ውሰድ። እኔ ጋ መጥተህ ፓራሲታሞል እንዳትለኝ።

ቀበሌ_ዜሮ_ሦስት
ዓርብ፣ ከቀኑ 9:40

ጠየቅኩት። ትንሽ ዝም አለና «ማን ነገረህ?» አለኝ። ኢንተርኔት አልኩት። ሳቀ። የመርፌውን ቀንሶ ማስታገሻውን ጨመረበት፤ «ቁስሉ ከቀላ ወይም ካበጠ ግን በዚያው ቀን አምጣት» ብሎኛል። የአንገት ኮፍያ የለኝም ስላለ ከካርቶን ቆርጬ እየሠራሁ ነው። ስፋቱ ስንት መሆን አለበት?

ሸገር_ድመቶች
ዓርብ፣ ከቀኑ 9:52

ከአፍንጫዋ ጫፍ ሁለት ጣት ያህል ይለፍ። ጠርዙን በፕላስተር ሸፍነው፣ አለበለዚያ አንገቷን ይቆርጣታል። ካርቶኑን ከበላችው ደግሞ የሕፃን ልብስ ቆርጠህ አልብሳት።